ሁለት ሰሜን ሸዋ፣ ሁለት ዘርዐ ያዕቆብ፦ የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ በዲጂታል ዘመን

«ደብረ ብርሃን ሥላሴ» ብሎ በስልኩ የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያገኘው ጎንደርን ነው፤ ጣሪያው በመላእክት ፊት የተሞላውን ዝነኛ ቤተ ክርስቲያን። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቆረቆሯት ከተማ ያለው የሸዋው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከኋላ ይከተላል። «ዘርዐ ያዕቆብ» ብሎ የፈለገም ሁለት ሰው ይገጥመዋል። አንዱ ደብረ ብርሃንን መናገሻው ያደረገው፣ እንደ መጽሐፈ ብርሃን ያሉ ድርሳናት በስሙ የሚጠሩለት ንጉሥ ነው። ሌላው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ኖረ የሚነገርለት፣ «ሐተታ» የተባለው የፍልስፍና ድርሰቱ ደራሲነት እስከ ዛሬ ሊቃውንትን የሚያከራክር ፈላስፋ። «ሰሜን ሸዋ» ራሱም ሁለት ነው፤ አንዱ ዞን መቀመጫው ደብረ ብርሃን ሆኖ በአማራ ክልል፣ ሌላው መቀመጫው ፍቼ ሆኖ በኦሮሚያ ክልል ይገኛል።

አገሬው በዚህ ግራ አይጋባም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጠባሴ ላይ ታክሲ እየጠበቀ «ሥላሴ ልሳለም ነው» ያለን ሰው «የጎንደሩን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ኮምፒውተር ግን ካልነገሩት አያውቅም፤ ሲያጣ ዝነኛውን ያስቀድማል፣ አንዳንዴም ሁለቱን አንድ አድርጎ ቁጭ ይላል። አንድ ስም የያዙ ሁለት ነገሮችን መለየት፣ ብዙ ስም ያለውን አንድ ነገር ደግሞ ከአንድ ቦታ ማሰባሰብ፤ የካታሎግ ሥራ ከጥንት ጀምሮ ይኸው ነው። በዲጂታል ዘመን የሰፋው ስሕተቱ የሚሄድበት ርቀት ነው። ድሮ አንድ መሳቢያ ውስጥ ተቀብሮ ይቀር የነበረ ስሕተት ዛሬ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ወደ ሌላው በቅጽበት ይቀዳል፤ መልሶ መሰብሰቡ ግን የፈሰሰ ጤፍ ማፈስ ነው።

ካታሎግ ሲባል በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ትዝ የሚለው ባለ ብዙ መሳቢያው የእንጨት ሣጥን ነው። በልጅነቴ በተማርኩበት ትምህርት ቤትም ነበረ። ነገር ግን እኛ በደረስንበት ጊዜ ከመሳቢያዎቹ ግማሹ የጠመኔ ስብርባሪና በራቸው የማይታወቅ ቁልፎች ማስቀመጫ ሆነው ነበር። መጽሐፍ የምናገኘው ጋሼን ጠይቀን ነው። «ጋሼ፣ ያ ሰማያዊ ሽፋን ያለው የታሪክ መጽሐፍ አለ?» ስንላቸው ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ «ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች፣ ጀርባው የተላጠው» ይሉናል። ካታሎጉ እርሳቸው ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ካታሎጉም አብሯቸው ወጣ፤ መጽሐፎቹ እዚያው ቀሩ።

የካርዱ ሥርዓት በደንብ በተያዘበት ቦታ ግን የሚናቅ አልነበረም። ቁመቷ 7.5፣ ወርዷ 12.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ወረቀት ላይ ደራሲው፣ ርእሱ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ ዓመቱና የገጹ ብዛት ይሰፍራል፤ በላይኛው ግራ ጥግ ደግሞ የመደርደሪያው ቁጥር። ለአንድ መጽሐፍ አንድ ካርድ በደራሲ፣ አንድ በርእስ፣ አንድ በርእሰ ጉዳይ ይጻፍለታል። የአሜሪካው ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ1901 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታተሙ ካርዶችን ለሌሎች ይሸጥ ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያው ትሠራ የነበረችው የኮምፒውተር ባለሙያ ሄንሪየት አቭራም የካርዱን ይዘት ማሽን በሚያነበው መልክ ቀረጸችው፤ «ማርክ» ይባላል። በማርክ እያንዳንዱ መረጃ የራሱ ቁጥር አለው፦ ደራሲው 100 ላይ፣ ርእሱ 245 ላይ፣ ርእሰ ጉዳዩ 650 ላይ ይገባል። ቁጥሮቹ ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ተቃርቦም ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። ለዓለም ቤተ መጻሕፍት ካርድ ሲያትም የኖረው ኦሲኤልሲ የተባለው ኅብረት የመጨረሻውን ካርድ ያተመው በኦክቶበር 2015 እ.ኤ.አ. ነው።

ማርክ ግን ካርዱን ወደ ኮምፒውተር ገለበጠው እንጂ የካርዱን አስተሳሰብ አልለወጠውም። አስተሳሰቡ የተነካው በ1998 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን አራት ነገሮችን እንለይ ባለ ጊዜ ነው፦ ድርሰቱን፣ ድርሰቱ የተገለጠበትን ቃል ወይም ትርጉም፣ እትሙን፣ በእጅ የሚያዘውን ነጠላ ቅጂ። ከዚያ ተነሥቶ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ የካታሎግ ደንብ ወጣ፤ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ማርክን የሚተካ፣ መዝገቦችን እንደ ድር የሚያያይዝ ሌላ ቅርጽ ሲያበጅ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው።

በቃል ሲነገር ደረቅ ነው፤ ዳዊት ላይ ሲያዩት ግን ወዲያው ይገባል። መርሐቤቴም ሆነ መንዝ፣ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ገብታችሁ የንብረት መዝገቡን ብታዩ «ዳዊት፣ ብራና፣ 1» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ዳዊትን የደገመ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ግን ያ አንድ ጥራዝ በውስጡ አንድ ነገር ብቻ አይደለም የያዘው። መዝሙራቱ አሉ፣ ጸሎተ ነቢያት አለ፣ መኃልየ መኃልይ አለ፣ ውዳሴ ማርያም አለ፣ አንቀጸ ብርሃን አለ። በካርዱ አስተሳሰብ እነዚህ ሁሉ «ዳዊት» ከሚለው ስም ሥር ይጠፋሉ። በአዲሱ አስተሳሰብ ጥራዙ አንድ ዕቃ ነው፤ ከአምስት ድርሰቶች ጋር በአምስት ክር ይታሰራል፤ መኃልየ መኃልይን በግእዝ የሚያጠና ሰው ደብረ ብርሃን ተቀምጦ መርሐቤቴ ያለውን ዳዊት ያገኘዋል። የእኛ መጻሕፍት ለአዲሱ ካታሎግ ከካርዱ ይልቅ ይስማማሉ የምለው ለዚህ ነው። የብራና መጽሐፍ የሽፋን ገጽ የለውም፤ መጀመሪያው «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ስለሆነ ከመጀመሪያው መስመር ርእስ ቀድቶ ማለፍም አይቻልም። ወንጌሉ ኅዳግ ላይ የርስት ስጦታ ተጽፎ ይገኛል፤ መጨረሻው ቅጠል ላይ መጽሐፉን ማን አጻፈው፣ ማን ገዛው የሚል ይኖራል። እነዚህን ሁሉ «1» በሚል ቁጥር መዝጋት ያሳዝናል።

ወደ ታተሙት መጻሕፍት እንመለስ። በአገራችን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩበት የካታሎግ ሶፍትዌር ኮሃ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ውስጥ ለአንድ የገጠር ቤተ መጻሕፍት ተሠራ፤ ስሙ በማኦሪ ቋንቋ «ስጦታ» ማለት ነው፤ የፈቃድ ክፍያ የለበትም። ጥሩ ሶፍትዌር ነው። ችግሩ ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው። የእንግሊዝኛ የፊዚክስ መማሪያ ሲገባ ካታሎገሩ የመጽሐፉን መለያ ቁጥር አስገብቶ ከውጭ ቤተ መጻሕፍት የተዘጋጀ መዝገብ በደቂቃ ይቀዳል። የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአንድ ደብር ታሪክ፣ የወረዳ መጽሔት ሲሆን የሚቀዳው የለም፤ ቁጭ ብሎ ከባዶ መጻፍ ይጠይቃል። ሥራ የበዛበት ሰው ደግሞ የሚቀለውን ያስቀድማል። እናም የትም የሚገኘው መጽሐፍ በካታሎጉ ይታያል፤ ሌላ ቦታ የማይገኘው፣ ሰው ከሩቅ ሊፈልገው የሚችለው ማዕዘን ላይ ተቆልሎ ተራውን ይጠብቃል። አንድ ቤተ መጻሕፍት «ዲጂታል ሆነናል» ሲል እኔ የምጠይቀው ስንት ኮምፒውተር እንደ ገባ አይደለም። ያ ማዕዘን ባዶ ሆኗል ወይ?

ከባዶ መጻፍ ሲጀመር ደግሞ ፊደሉ ይመጣል። ዩኒኮድ፣ የዓለም ፊደላት በየትኛውም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ሆነው እንዲነበቡ የሚያደርገው የጋራ ሥርዓት፣ የኢትዮጵያን ፊደል የተቀበለው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ እውነቱን ለመናገር ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ የየራሱ አሠራር ነበረው። በአንዱ የተጻፈ ዝርዝር ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ትርምስ ሆኖ ይወጣል። በዚያ ዘመን በትጋት የተየቡ የመጻሕፍት ዝርዝሮች ዛሬ ያለ ቀያሪ አይነበቡም።

ዩኒኮድም ቢሆን ሞክሼ ፊደላትን አልፈታልንም፤ እንዲፈታልንም አይጠበቅም። በአንኮበር የነገሠውን የሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ውሰዱ። «ሣ» በሁለት መንገድ፣ «ህ» በሦስት፣ «ሥ» በሁለት፣ «ሴ» በሁለት ይጻፋል፤ ሲባዛ 24። ስሙን አጋጥሞ የሚጽፍና ነጥሎ የሚጽፍ ስላለ 48 ይሆናል። አንዱን መርጦ የፈለገ አንባቢ በሌሎቹ 47 የተጻፈውን አያገኝም፤ ባያገኝ ደግሞ «የለም» ብሎ ይሄዳል።

መፍትሔው ሁሉንም ወደ አንድ ማምጣት ነው የሚሉ አሉ፦ ሐና ኀ ይቅሩ፣ ሠም ይቅር። ለመፈለጊያው ከሆነ እስማማለሁ። ኮሃን የመሰለ ሶፍትዌር ሲፈልግ ሀ፣ ሐ እና ኀን እኩል እንዲያይ ማዘዝ ይቻላል፤ አንባቢው የቱንም ቢጽፍ ሁሉም ይምጣለት። በመዝገቡ ላይ ግን የመጽሐፉ ፊደል እንደ ተጻፈ መቀመጥ አለበት። በግእዝ ሠረቀ ወጣ፣ ሰረቀ ሌባ ሆነ ማለት ነው፤ ሠዐለ ሥዕል ሣለ፣ ሰአለ ለመነ ነው። «ሠረቀ ብርሃን» የተባለን መነኩሴ በካታሎግ ሌባ ማድረግ የሚያስቀው የሌላ ሰው ስም ሲሆን ብቻ ነው።

የሰው ስም ነገርማ ሌላ ጣጣ አለው። የውጭው ካታሎግ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው፤ የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ ኢትዮጵያዊ በራሱ ስም ይመዝገብ ቢልም፣ ቅጹን የሚሞላው ሰው ወይም ሶፍትዌሩ የኋለኛውን ስም እየሳበ ያስቀድማል። የመንዙ ተወላጅ ከበደ ሚካኤል በአንዱ ካታሎግ «ከበደ»፣ በሌላው «ሚካኤል፣ ከበደ» ይሆናሉ። ተክለ ጻድቅ መኩሪያ አንድ ቦታ «ተክለ»፣ አንድ ቦታ «መኩሪያ» ሥር ናቸው፤ «ጻ»ው «ፃ» ሲሆንና «ተክለጻድቅ» ሲገጠም ደግሞ የአንድ ሰው ሥራ ለአራት ለአምስት ሰው ይከፋፈላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ያለውን አልቆጥርም። ማዕረግም አለ፤ ብላታው፣ አለቃው፣ ቀኛዝማቹ የስም አካል ነው ወይስ አይደለም? ካታሎገር ይህን በየቀኑ ይወስናል፤ ትናንት የወሰነውን ጽፎ ካላስቀመጠ ደግሞ ዛሬ በሌላ መንገድ ይወስናል።

በዲጂታሉ ዘመን ለዚህ የመጣው መላ ለአንድ ሰው አንድ መለያ ቁጥር መስጠትና የስሙን አጻጻፎች ሁሉ ከቁጥሩ ሥር መሰብሰብ ነው። የትኛው አጻጻፍ «ትክክል» ነው የሚለው ክርክር ይቀዘቅዛል፤ ሁሉም በር ወደ አንድ ቤት ይገባልና። ንጉሡ ዘርዐ ያዕቆብ አንድ ቁጥር፣ ፈላስፋው ሌላ ቁጥር። ቁጥሩን የሚሰጠው ግን ሁለቱ ሁለት መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ዓመቱም እንዲሁ ነው። «1967» የሚል የአማርኛ መጽሐፍ የመስቀል ሰሞን ታትሞ ከሆነ በፈረንጆቹ 1974 ነው፤ ፋሲካ ላይ ከሆነ 1975። የማያውቅ ሰው 1967ን እንዳለ ሲያስገባው መጽሐፉ ከአብዮቱ በፊት የታተመ መስሎ ይገኛል፤ ከአብዮቱ ወዲህ የታተመን መጽሐፍ በንጉሡ ዘመን ማስቀመጥ ቀላል ስሕተት አይደለም። ጥንቁቅ ካታሎገር ሁለቱንም ይጽፋል። (ይህን ጽሑፍ ስጽፍ እኔም እ.ኤ.አ. የምትለዋን እንዳልረሳ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ።) ብራና ላይ ከተደረሰ ይብሳል። ጸሐፊው «በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በዘመነ ሉቃስ ተጻፈ» ብሎ ያልፋል። ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ነገሠ፤ ወንጌላውያኑ በየአራት ዓመቱ ስለሚመለሱ በዚያ ዘመን ሉቃስ ስምንት ወይም ዘጠኝ ጊዜ ገብቷል። ካታሎጉ አንዷን ዓመት መርጦ ቢጽፍ ውሸት ነው፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ካልሰጡት አልቀበልም ይላል።

ቦታ ላይ ስንደርስ ሰሜን ሸዋ ራሷ መማሪያ ናት። በደርግና ከዚያ በፊት የተጻፉ መዝገቦች «ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ ተጉለትና ቡልጋ አውራጃ»፣ «መንዝና ግሼ አውራጃ»፣ «ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ»፣ «ሰላሌ አውራጃ» ይላሉ። ዛሬ ክፍለ ሀገሩም አውራጃውም የለም፤ በምትካቸው ዞንና ወረዳ አለ፣ ወረዳውም አንዳንድ ጊዜ ተከፍሏል። አዲስ የሚመዘግበው «ሰሜን ሸዋ ዞን» ይላል፤ የትኛው ሰሜን ሸዋ እንደሆነ አይጽፍም፣ ለእርሱ ግልጽ ነዋ! ደብረ ሊባኖስን በ«ተጉለትና ቡልጋ» የሚፈልጋት አያገኛትም፣ በ«ሰላሌ» የሚፈልጋት ያገኛታል፤ ኤርትራ ውስጥ ሌላ ጥንታዊ ደብረ ሊባኖስ መኖሩን የማያውቅ ደግሞ የአንዱን መጽሐፍ ለሌላው ይሰጣል። የካርታ ነጥብ ይረዳል። ደብሩ አልተንቀሳቀሰም፤ ዞረው ዞረው ስም የለወጡት በዙሪያው ያሉት ናቸው።

መጻሕፍትን በርእሰ ጉዳይ ስለሚደለድሉት የዲዩዊ የመደርደሪያ ቁጥሮች ብዙ አልልም። በ1876 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ኮሌጅ የተበጀ ሥርዓት ነው፤ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ 820ን ከነአሥሩ ይዞ ሲንፈላሰስ አማርኛ 892 ውስጥ ከነጥብ ኋላ ተገፍታ ተቀምጣለች። በመደርደሪያ ላይ ያስቸግራል፤ በኮምፒውተር ግን መጽሐፍ በአንድ ቁጥር ብቻ ስለማይፈለግ የዱሮውን ያህል አይቆረቁርም።

የሚቆረቁረው የመዝጋቢው ማንነት ነው። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከ1839 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. በአንኮበር ተቀምጦ ነበር። የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በዚያ የነበረው ሊቅ ሃይንሪክ ኤቫልድ መረመራቸው። የኤቫልድ ተማሪ አውግስት ዲልማን ደግሞ በ1847 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉትን የኢትዮጵያ መጻሕፍት ካታሎግ አሳተመ፤ ኋላም ታላቁን የግእዝ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። ከሸዋ ተራራ የወረዱ መጻሕፍት ዝርዝራቸው በላቲን ቋንቋ ሲታተም፣ ተራራው ላይ የቀሩት ከዕቃ ቤት ጠባቂው በቀር የሚያውቃቸው አልነበረም።

ይህን የለወጠው በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ፣ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና ሚኒሶታ ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተባብረው ወደ 9,000 የሚደርሱ መጻሕፍት በፊልም ተነሡ፤ አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ፣ ከሸዋና ከወሎ። መጽሐፉ ከደብሩ ሳይወጣ ፎቶው ብቻ ተወሰደ፤ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ወመዘክር፣ አንድ ቅጂ ሚኒሶታ ተቀመጠ። እነዚህን በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ቅጠል በቅጠል እያነበቡ ካታሎግ ያደረጉት ዋነኛው ሰው ደግሞ የሸንኮራ ልጅ ናቸው፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ። በ1975 እ.ኤ.አ. በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ፤ በስደት ሚኒሶታ ገብተው ለአሥርት ዓመታት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ሠሩ። የማክአርተር ሽልማትን በ1988 እ.ኤ.አ. አገኙ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. አረፉ። እርሳቸው የሠሩትን ካታሎግ የገለጠ ሰው ካታሎግ «ዝርዝር» ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል፤ ኅዳግ ላይ ያለችው የሁለት መስመር ማስታወሻ እንኳ ተነብባ ምን እንደምትል ተጽፎላታል። ያን የሚያደርገው ግእዙንም፣ አማርኛውንም፣ አገሩንም የሚያውቅ ሰው ነው።

ዛሬ ያ ሥራ ወደ ኢንተርኔት ወጥቷል። የሂል ቤተ መጻሕፍት ፊልሞቹን እየቀየረ በነፃ ለተመዘገበ አንባቢ ያሳያል። የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ቤተ መጻሕፍት» በሚል ፕሮጀክት ለእያንዳንዱ የግእዝ ድርሰት፣ ሰው፣ ቦታና ጥራዝ መለያ እየሰጠ ያያይዛል፤ ከላይ ስለ ዳዊት ያልኩት አምስቱ ክር በዚያ በተግባር ይታያል። ድንቅ ነው። ሆኖም የመንዝ ቀበሌ ስም በምን እንደሚጻፍ የሚወሰነው ሃምቡርግ ነው። ጀርመኖቹን መውቀሴ አይደለም፤ እኛ ዝርዝሩን ብንሰጣቸው በደስታ ይቀበላሉ። አልሰጠናቸውም።

ባለ ደብሮቹ ግን ዝርዝር ሲባል የሚያመነቱበት ምክንያት አላቸው፤ ሊናቅም አይገባም። «የት ምን እንዳለ ከጻፍክ ሌባውን መንገድ መራኸው» ይላሉ። እውነት አላቸው። ከደብር የወጡ መጻሕፍት በውጭ አገር ገበያ እንደሚሸጡ የማያውቅ የለም። ነገር ግን ያልተመዘገበ መጽሐፍ ሲሰረቅ የእኔ ነው ብሎ መከራከሪያ የለም። በ2016 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን የሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በስጦታ ከደረሰው ስብስብ ውስጥ አንድ የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የብራና መጽሐፍ ሲመረመር የደብረ ሊባኖስ መሆኑ ታውቆ፣ ለገዳሙ መለሰ። ባለቤቱ ባይለይ ኖሮ ለማን ይመለሳል? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና በዘለቀ ጊዜም በየዕቃ ቤቱ ምን እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር ሌላ ቦታ ያስቀመጠ ደብር፣ ከካህናቱ ትዝታ ሌላ የሚያመሳክርበት ነበረው። ሥጋቱን የሚያስታርቀው መንገድ ካታሎጉን ሁለት ማድረግ ይመስለኛል። ይዘቱ፣ ዕድሜው፣ ጸሐፊው ለሁሉ ይታይ፤ በየትኛው ሣጥን እንደተቆለፈ ግን ደብሩና ሀገረ ስብከቱ ብቻ ይወቁት። በወረቀት መዝገብ ይህን መክፈል ከባድ ነው፤ በዲጂታል አንዲት ምልክት ማድረግ ነው።

የዲጂታሉን ጉልበት ስናወራ ድክመቱንም አንርሳ። የብሪቲሽ ላይብረሪ፣ ከመቅደላ የተወሰዱት መጻሕፍት ያሉበት ያ ግዙፍ ቤት፣ በኦክቶበር 2023 እ.ኤ.አ. በኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች ተመታና ካታሎጉ ጠፋ። መጽሐፎቹ በመደርደሪያቸው ላይ ነበሩ፤ የት እንዳሉ የሚናገር ግን አልነበረም። ካታሎጉ ከፊሉን ያህል የተመለሰው በጃንዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ነው። እነርሱ እንዲህ ከሆኑ መብራት በሚጠፋበት፣ ኔትወርክ በሚቋረጥበት የእኛ ከተማ ምን ይሆናል? ስለዚህ የታተመ ቅጂ ይኑር፤ በዓመት አንድ ጊዜ በወረቀት ታትሞ ተጠርዞ ይቀመጥ። የዕቃ ቤቱን የንብረት መዝገብም «አሁን ኮምፒውተር አለን» ብሎ ማቃጠያ ማድረግ አይገባም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን ሁሉ ይገላግለናል የሚል ተስፋ በየስብሰባው ይሰማል። የታተመ አማርኛን ከፎቶ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር መሣሪያ አለ፤ በእጅ የተጻፈ ግእዝን ለማንበብም ጥሩ ሥራ ተጀምሯል። ሽፋን አንብቦ ርእስና ደራሲ ቢያወጣ ግማሹን ድካም ያቀላል፤ ያ ማዕዘን ላይ የተቆለለው መጽሐፍ ቶሎ እንዲንቀሳቀስ ያደርጋል። የምፈራው ሲሳሳት እንደሚያውቅ ሆኖ መሳሳቱን ነው። ካታሎገር ሲጠራጠር የጥያቄ ምልክት ያደርጋል፤ ማሽኑ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሲያይ ያለ ምንም ማመንታት ጎንደር ይጽፋል፤ ያነበበው ጎንደርን ነዋ።

እንግዲህ ማን ይጀምረው? ደብረ ብርሃን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ሀገረ ስብከትም አላት፤ በየወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አለ። ትልቅ ሰርቨር ከመግዛት በፊት የሚሠራው ሥራ በአንድ ላፕቶፕ ይቻላል፦ የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ የሰሜን ሸዋ ቦታዎች፣ በሰሜን ሸዋ የሚገኙ ድርሰቶች። ለእያንዳንዱ አንድ ቁጥር፣ ከሥሩ የስሙ አጻጻፎች፣ የዱሮው አውራጃና የአሁኑ ወረዳ። ተማሪዎች በክረምት ሊሠሩት ይችላሉ፤ አጠገባቸው ግን የአውራጃውን ዘመን የሚያስታውሱ አንድ መሪ ጌታ ወይም እንደ እኛ ጋሼ ያለ ሰው ይቀመጥ። የመጀመሪያው መስመር ምን እንደሚሆን እኔ አስቤዋለሁ፦

«ቁጥር 1። ደብረ ብርሃን ሥላሴ (ሸዋ)። በሌላ አጻጻፍ፦ ደብረብርሃን ስላሴ፣ ደብረ ብርሀን ሥላሤ። ቀድሞ፦ ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ ተጉለትና ቡልጋ አውራጃ። አሁን፦ ደብረ ብርሃን ከተማ፣ አማራ ክልል። ከጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጋር አይምታታ።»